የቤት አያያዝ፤ ስለ ተደፈነ የእጅ መታጠቢያና ስለ ቸኮለ ፍርድ



በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ስለ ጓዳ ንጽሕናና ስለ ልብስ አያያዝ በየጊዜው ጥቂት ቃል ስናቀርብ ቆይተናል። ዛሬ ደግሞ ብዙ ሰው በጨዋታ መካከል ሊያነሣው የሚያፍርበትን፥ ነገር ግን ቤት ያለው ሁሉ አንድ ቀን ሳይወድ የሚገናኘውን ነገር ለመጻፍ አስበናል፤ ይኸውም በመታጠቢያ ቤት ያለው የእጅ መታጠቢያ ሳሕን፥ ብዙዎች ላቫንዲኖ የሚሉት፥ ውኃ መውረጃው በተደፈነ ጊዜ ምን ማድረግ እንደሚገባ ነው። «ይህ የቧንቧ ሠራተኛ ጉዳይ ነው እንጂ ለጋዜጣ ምን አገባው?» የሚል አንባቢ ቢኖር አንቀየመውም፤ እኛም ከጥቂት ወራት በፊት እንዲሁ እናስብ ነበርና። ዳሩ ግን በገዛ ቤታችን የደረሰብን ነገር ከዚያች ጠባብ ቱቦ ውስጥ ሁለት ትምህርት አውጥቶልናል። አንደኛው ስለ ውኃ ነው፤ ሁለተኛው ስለ ፍርድ ነው።

በአባቶቻችን ቤት እጅ መታጠብ እንዲህ ያለ ችግር አልነበረበትም። ማስታጠቢያው ይቀርባል፥ ልጅ ወይም አሳላፊ ከኩስኩስቱ ውኃ ያፈሳል፥ የታጠቡበትም ውኃ ከደጅ ይደፋል፤ የሚደፈን ቱቦ የለም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ዐፄ ምኒልክ በስዊሱ መሐንዲስ በአልፍሬድ ኢልግ ብልሃት ከእንጦጦ ተራራ ወደ ቤተ መንግሥታቸው ውኃ በቧንቧ ባስወረዱ ጊዜ ያየ ሁሉ ተደነቀ። ከዚያም ወዲህ ቧንቧው ከቤተ መንግሥት ወደ መኳንንቱ ቤት፥ ከመኳንንቱም ቤት ወደ ሁላችን ግቢ ደረሰ። ነገር ግን ልብ እንበል፤ ውኃ ወደ ቤት ሲገባ ሁሉም ያየዋል፥ ያመሰግነዋልም፤ ከቤት ሲወጣ ግን የሚያየው የለም። አወጣጡን የምናስታውሰው አልወጣም ያለ ዕለት ብቻ ነው።

በእኛም ቤት የሆነው እንዲሁ ነው። የመታጠቢያው ሳሕን ሁለት ወር ያህል ውኃውን እያዘገመ ያወርድ ነበር። መጀመሪያ ፊታችንን ታጥበን እስክናደርቅ ድረስ ውኃው ይቆያል፤ በኋላ ልብሳችንን ለብሰን እስክንጨርስ ድረስ ይቆያል፤ በመጨረሻም ከቢሮ ስንመለስ የጠዋቱን ውኃ እዚያው እናገኘው ጀመር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፥ ችግሩ በእግሩ ሲሄድ እያየን ዝም አልን። ለማግሥቱ ቤተ ዘመድ ለምሳ በተጠራበት በአንድ ዓርብ ማታ ግን ሳሕኑ እስከ ከንፈሩ ድረስ በደፈረሰ ውኃ ተሞልቶ ጠበቀን።

እኛም ደክመን የመጣን ነበርንና በቁጣ «ይህን ማን አደረገው?» ብለን ጠየቅን። ጥያቄው ለሁሉም ነበረ፤ ዓይናችን ግን ወደ አንዲት ሰው ብቻ ሄደ። በቤታችን የምትረዳን፥ ከገጠር ከመጣች ገና ሰባት ወር የሆናት አንዲት ወጣት አለች። «የቡና አተላ ደፍተሽበት ነው» አልናት። እርስዋም አንገትዋን ደፍታ «ጋሼ፥ እኔ አልደፋሁም» አለች። እኛ ግን «እንግዲያውስ ማን ደፋው? ሠራተኛ ከተጠራ ዋጋው ከደመወዝሽ ይቆረጣል» ብለን ፈረድን። ልጅቱም ዝም አለች። ዝምታዋንም እንደ እምነት ቃል ቈጠርነው።

ይህን ስንጽፍ ኀፍረት ይሰማናል። እኛ በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራ ላይ ብዙ ዓመት የኖርን ሰዎች ነን። «ተከሳሽ ቃሉን ይስጥ፥ ምስክር ይሰማ፥ ማስረጃ ይቅረብ» የሚለውን ቃል በየቀኑ በገዛ እጃችን እንጽፋለን። በገዛ ቤታችን ግን ከሦስቱ አንዱን እንኳ ሳንጠይቅ ክሱንም ፍርዱንም በአንድ ትንፋሽ አወጣነው።

ነገሩ በዚህ ቢቆም መልካም ነበረ፤ አልቆመም። በዚያው ሌሊት አንድ ሙሉ ጠርሙስ በረኪና ወደ ሳሕኑ አስደፋንበት። ሲነጋ ብናይ ውኃው ካለበት ፈቀቅ አላለም። ወዲያው ከሱቅ ለሽንት ቤት ማጠቢያ የሚሆነውን፥ አሲድ ያለበትን መድኃኒት አስመጣንና ለልጅቱ ሰጥተን «ይህንንም ጨምሪበት» ብለን ልብሳችንን ልንለብስ ሄድን። ጥቂት ሳንቈይ ከመታጠቢያ ቤት የማያቋርጥ ሳል ሰማን። ሮጠን ብንደርስ ልጅቱ ነጠላዋን በአፍዋ ይዛ፥ ዓይንዋ እንባ እያፈሰሰ፥ በበሩ መቃን ተደግፋ አገኘናት። ከውስጥም አፍንጫን እንደ መርፌ የሚወጋ ሽታ ይወጣ ነበር። ባለቤታችን እጅዋን ይዘው ወደ ግቢ አወጧትና ነፋስ በሚነፍስበት ቦታ አስቀመጧት፥ ፊትዋንና ዓይንዋንም በብዙ ውኃ አጠቡላት፤ እኛም ትንፋሻችንን ይዘን መስኮቱን ከፈትንና በሩን ከኋላችን ዘጋን። ከዚያም ሳንዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ሐኪሙ መርምሮ፥ እስከ እኩለ ቀን ድረስ አቆይቶ፥ ደኅና መሆንዋን አይቶ አሰናበታት። ነገር ግን አስቀድሞ «ምንና ምን ቀላቀላችሁ?» ብሎ በጠየቀን ጊዜ፥ መልሱን ስንሰጥ በፊቱ ላይ ያየነውን አንረሳውም።

እነሆ ያላወቅነው ይህ ነው። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የሚባል መርዘኛ ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ኤፕሪል 22 ቀን 1915 ዓ.ም. በቤልጅግ አገር በኢፕር ጦር ግንባር የጀርመን ሠራዊት በብዛት ለቆ ብዙ ወታደሮችን የፈጀበት ነው። እኛም ያንኑ ጋዝ፥ መጠኑ ጥቂት ቢሆንም፥ በሩና መስኮቱ በተዘጋ አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሠርተን አንዲት የሰው ልጅ እንድትተነፍሰው ላክናት። እግዚአብሔር ባይጠብቃት ኖሮ ዛሬ ይህን ጽሑፍ የምንጽፍበት ልብ ባልኖረንም ነበር።

ክፍሉ አንድ ቀን ሙሉ ክፍት ሆኖ ከተናፈሰ በኋላ አንድ ሽማግሌ የቧንቧ ሠራተኛ መጣ። በቱቦው ውስጥ ምን እንደ ተጨመረበት አስቀድመን ነገርነው። እርሱም ራሱን ነቀነቀና የላስቲክ ጓንቱንና የዓይን መከለያውን አደረገ። ባልዲ ከሥር አኖረ፥ ሳሕኑ ሥር ያለውን ቈልማማ ቱቦ በእጁ ፈታው፥ በውስጡም ያለውን ሁሉ በባልዲው ላይ አራገፈው። የወጣውን አንድ በአንድ እንቈጥረዋለን፤ ምክንያቱም ማስረጃው ይህ ነው። እንደ ገመድ የተገመደ ብዙ ረጅም ጠጉር፤ በእርሱ ላይ የተለጠፈ፥ እንደ ሰም የጠነከረ ቅቤና ሳሙና፤ በዚያም ላይ የተነሰነሰ ሽበት የቀላቀለ አጭር ጢም፤ በመካከሉም የጥርስ ሳሙና ክዳን። የቡና አተላ ግን ለመድኃኒት እንኳ አልተገኘም። ሽማግሌውም ወደ ፊታችን አየት አደረገና «ጌታዬ፥ ይኸ ጢም የማን ይመስልዎታል?» አለን።

በዚያው ማታ ልጅቱን ጠርተን፥ በባለቤታችንና በልጆቻችን ፊት «የደፈንነው እኛ ነን፤ የከሰስነውም የፈረድነውም እኛ ነን፤ በድለንሻልና ይቅር በዪን» አልናት። ደመወዝዋም አንድ ሳንቲም አይነካም አልን። እርስዋም ቀስ ብላ «ምንም አይደል ጋሼ፤ እኔ እኮ በዚያ ሳሕን ታጥቤ አላውቅም። የምታጠበው ከግቢው ቧንቧ ነው» አለች። ይህን ቃል በመጀመሪያው ማታ ብንጠይቃት ኖሮ በመጀመሪያው ማታ ትነግረን ነበር።

እንግዲህ ሌላው ሰው በእኛ እንዲማር፥ ከሽማግሌው ሠራተኛ የሰማነውንና ከዚያም ወዲህ ጠይቀን የተረዳነውን በተራ እናቀርባለን።

አስቀድሞ የነገሩን አሠራር ማወቅ ይገባል። ከሳሕኑ ሥር ያለው ቱቦ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ እንደ ዝሆን ኩምቢ ወደ ታች ወርዶ፥ ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣና ወደ ግድግዳው ይገባል። ሠራተኞቹ ሲፎን ይሉታል። ብዙ ሰው ይህን ቈልማማነት ያለ ምክንያት የተሠራ ይመስለዋል። በልጅነታችን በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለን መምህራችን በታጠፈ የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ውኃ ጨምረው፥ ውኃ በሁለቱ ወገን እኩል ቁመት እንደሚቆም አሳይተውን ነበር፤ ነገሩ ያው ነው። በዚያ እጥፋት ውስጥ ሁል ጊዜ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት ያለው ውኃ ይቀራል። ይህም ውኃ እንደ ዘበኛ ሆኖ ከፍሳሽ ጉድጓድ የሚመጣውን ክፉ ሽታና ጋዝ ወደ ቤት እንዳይገባ ይከለክላል። ይህን ብልሃት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1775 ዓ.ም. በለንደን ከተማ ይሠራ የነበረ አሌክሳንደር ከሚንግ የተባለ የስኮትላንድ ሰዓት ሠሪ ለውኃ ሽንት ቤት አውጥቶ በስሙ አስመዘገበው። እስከ ዛሬም ድረስ የዓለም ቤት ሁሉ በዚህ በታጠፈ ቱቦ ይጠበቃል።

ዳሩ ግን ሽታን የሚያስቀረው እጥፋት ጠጉርንም ያስቀራል። የሚደፍነውም አንድ ነገር ብቻ አይደለም። ጠጉር ድር ይሆናል፤ ሳሙና ከውኃው ማዕድን ጋር ተዋሕዶ የማይሟሟ ነጭ አተላ ይሆናል፤ ቅባት ሁለቱን ያጣብቃቸዋል። በአገራችን ደግሞ በተለይ የሚታሰብ ነገር አለ፤ ይኸውም በራስ ላይ የሚደረገው ለጋ ቅቤ ነው። ቅቤ ከሰውነታችን ሙቀት ባነሰ ሙቀት ስለሚቀልጥ በራስ ላይ ፈሳሽ ነው፤ በቀዝቃዛው ቱቦ ውስጥ ሲደርስ ግን ይረጋል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ አገር፥ የቧንቧው ውኃ በጠዋት ጣት በሚያደነዝዝበት ቦታ፥ በሞቀ ውኃ ታጥቦ የወረደው ቅቤ ሩቅ ሳይሄድ እንደ ሻማ ይቆማል።

አሁን ወደ ማስከፈቱ እንሂድ። ሥርዓቱ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ነው፤ አንዱ ካልሆነ ወደ ሚቀጥለው ይታለፋል።

አንደኛ፤ መርምሩ። የተደፈነው ያ ሳሕን ብቻ ነው ወይስ የሻወሩና የሽንት ቤቱም ውኃ እንቢ ብሏል? ሁሉም በአንድነት እንቢ ካሉ ጥፋቱ በዋናው መስመር ወይም በሞላ ጉድጓድ ነውና በሳሕኑ ላይ መድከም ከንቱ ነው፤ ባለሙያ ጥሩ። ያ ሳሕን ብቻ ከሆነ ግን በቤት ውስጥ ሊበጅ ይችላል።

ሁለተኛ፤ የቆመውን ውኃ በጣሳ ቀድታችሁ አውጡ። ጓንት አድርጋችሁ በሳሕኑ አፍ ላይ ያለውን ክዳን አንሡት። ጫፉ እንደ ሜንጦ በታጠፈ ቀጭን ሽቦ ቀስ እያላችሁ ጠጉሩን ሳቡት፤ በኃይል አትግፉት፥ የገፉት ጠጉር ይርቃል እንጂ አይወጣምና። ከደረሰው ችግር ብዙው በዚህ ብቻ ያልቃል።

ሦስተኛ፤ ከዚህ በኋላ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ጨምራችሁ ሙቅ ውኃ አፍስሱበት። ሙቅ ማለታችን እጅ በጭንቅ የሚችለው እንጂ የፈላ አይደለም። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በባሕር ወለል ላይ ካለው ከ100 ዲግሪ ያነሰ ቢሆንም፥ ዛሬ በየቤቱ የሚገባው የፕላስቲክ ቱቦ ከዚህ ባነሰ ሙቀት እንኳ ይለሰልሳል፥ መገጣጠሚያውም ይላላል። የሸክላውም ሳሕን በድንገት የፈላ ውኃ ሲያርፍበት ሊሰነጠቅ ይችላል።

አራተኛ፤ በእንጨት እጀታ ላይ የተተከለውን የላስቲክ ጽዋ አምጡ። ብዙ ሰው በዚህ መሣሪያ ሠርቶ የማይሆንለት አንድ ነገር ስለሚረሳ ነው። በሳሕኑ ከንፈር አጠገብ ውኃ ሞልቶ እንዳይፈስ የተበጀች ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ እርስዋ ሳትዘጋ ጽዋውን ቢገፉት ነፋሱ በዚያ ያመልጣል። ሁለት አፍ ያለውን ወናፍ መንፋት ማለት ነው። ስለዚህ ቀዳዳዋን በረጠበ ጨርቅ አጥብቃችሁ ዝጉ፥ በሳሕኑም ውስጥ ጽዋውን የሚሸፍን ያህል ውኃ ይኑር፤ ከዚያ በኋላ ጽዋውን ሳታነሡ 15 ወይም 20 ጊዜ ወደ ታችና ወደ ላይ ግፉትና በመጨረሻው በኃይል ሳቡት። ውኃው ድምፅ እያሰማ ከወረደ ሥራው ተፈጸመ።

አምስተኛ፤ ይህም ካልሆነ ሲፎኑን ፍቱት። መጀመሪያ ባልዲ ከሥሩ አኑሩ። ሁለቱን ማሰሪያዎች በእጅ አላሉ፤ እንቢ ካሉ ጨርቅ ጠቅልላችሁባቸው በፒንሳ ያዙ፥ ጨርቁ ፕላስቲኩን እንዳይጎዳው ይጠብቀዋልና። በየመገጣጠሚያው ያሉትን የጎማ ቀለበቶች እንዴት እንደ ተቀመጡ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ ተገልብጠው ከገቡ ውኃ ያንጠባጥባሉ። ቱቦውን በሌላ ቦታ አጥባችሁ መልሱት፥ በእጅም አጥብቁት፤ ከልክ በላይ የጠበቀ ፕላስቲክ ይሰነጠቃል። ውኃ ከለቀቃችሁ በኋላ በደረቅ ወረቀት መገጣጠሚያውን ዳሱት፤ ወረቀቱ ካልረጠበ ሰላም ነው። የባልዲውን ውኃ ግን ሲፎኑ ሳይገጠም በዚያው ሳሕን እንዳትደፉት እንለምናለን። ይህን የምናሳስበው ከዚያ ወዲህ ሲፎኑን በራሳችን እጅ በፈታን ጊዜ ደፍተነው እግራችን ላይ ስለ ወረደ ነው።

ስድስተኛ፤ ሲፎኑ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘና ውኃው አሁንም ካልሄደ፥ ጥፋቱ በግድግዳው ውስጥ ነው። ለዚህ እንደ እባብ የሚተጣጠፍ የብረት ገመድ ያስፈልጋልና ለባለሙያው መተው ይሻላል።

ሰዎች ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ ቀላቅሎ ማፍሰስን ብዙ ያመሰግኑታል። ይህ አይጎዳም፤ ነገር ግን ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው አረፋ ለዓይን ደስ ያሰኛል እንጂ ጠጉርን አያሟሟም። አንዱ የሌላውን ኃይል ስለሚያጠፋው የሚቀረው ጥቂት ጨው ያለበት ውኃ ነው። በጥቂቱ ለዘገየ ቱቦ፥ ሙቅ ውኃ ከተከተለው፥ ይረዳ ይሆናል፤ ፈጽሞ ለተደፈነው ግን ተስፋ አታድርጉበት።

ኮስቲክ ሶዳ የሚባለው ብርቱ ነገር ግን በእውነት ቅባትንና ጠጉርን ይበላል፤ ሥጋንና ዓይንንም እንደዚሁ ይበላል። ስለዚህ በቤት ውስጥ ባይገባ እንመርጣለን። ግድ ከሆነ በመያዣው ላይ የተጻፈውን አንብቡ፥ ጓንትና የዓይን መከለያ አድርጉ፥ መስኮት ክፈቱ። ዱቄቱ በብዙ ቀዝቃዛ ውኃ ላይ ቀስ እያለ ይጨመራል እንጂ ውኃ በዱቄቱ ላይ አይፈስም፤ ያን ጊዜ በድንገት ፈልቶ ወደ ፊት ይረጫልና። በአሉሚኒየም ዕቃም አይበጠበጥም፥ ይበላዋልና። እንዲህ ያለ መድኃኒት የገባበትን ቱቦ በላስቲክ ጽዋ መግፋት ወይም ለሠራተኛው ሳይነግሩ ማስፈታት ትልቅ በደል ነው፤ የሚረጨው በሰው ዓይን ላይ ነው። ሰውነት ከነካ ሳይዘገዩ በብዙ ንጹሕ ውኃ እስከ 20 ደቂቃ ድረስ ማጠብና ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

ከሁሉም በላይ ይህን በልባችሁ ጻፉት፤ በረኪናን ከአሲድም ቢሆን፥ ከአቼቶም ቢሆን፥ አሞኒያ ካለበት ማጽጃም ቢሆን አትቀላቅሉ። አንዱን ዛሬ ሌላውን ነገ መጨመርም መቀላቀል ነው፤ ውኃው ካልወረደ የትናንቱ እዚያው አለና። ማንበብ የማይችል ወይም አደጋውን ያልተነገረው ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ሥራ አይታዘዝ። እኛ ራሳችን ልንሠራው ያልደፈርነውን ለደካማው ማዘዝ ጌትነት አይደለም።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ያገራችን ሰው። እንግዲህ እንዳይደፈን ይህን እናድርግ። በሳሕኑ አፍ ላይ ትንሽ ወንፊት እናኑር፤ ዋጋው ጥቂት ነው። ጠጉር በሳሕኑ ላይ አናበጥር፤ የተላጨውንም ጢም በወረቀት ጠርገን ከቆሻሻ ጋር እንጣለው። ቅቤ የተቀባ ራስ የሚታጠብ ዕለት ቅቤው አስቀድሞ በወረቀት ወይም በአሮጌ ጨርቅ ይጠረግ፥ የመጀመሪያው ውኃም በመታጠቢያ ገንዳ ተይዞ ከቱቦው ውጭ ይደፋ። በሳምንት አንድ ቀን ሳሕኑን በሙቅ ውኃ ሞልተን ክዳኑን በአንድ ጊዜ እንክፈተው፤ የብዙ ውኃ ክብደት ጥቂት ጥቂት የተጠራቀመውን ጠርጎ ይሄዳል። በወር አንድ ጊዜ ክዳኑን አንሥተን እናጽዳ። ደግሞም ቤት ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ሲቆይ፥ ወይም ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሳሕኑ ሳይሠራ ሲሰነብት፥ የሲፎኑ ውኃ ይደርቅና ክፉ ሽታ ይገባል፤ ሰው ይህን ጊዜ ቱቦው የተደፈነ ይመስለዋል፤ መድኃኒቱ ግን አንድ ብርጭቆ ውኃ ማፍሰስ ብቻ ነው።

በእኛ ቤት አሁን በየወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ ክዳኑን አንሥተን የምናጸዳው ራሳችን ነን። ሥራ ለሠሪው እሾህ ለአጣሪው እንዲሉ፥ ጢሙ የእኛ ከሆነ ጽዳቱም የእኛ ነው። ልጆቻችን መጀመሪያ ሳቁብን፤ አሁን ግን ታናሹ ልጃችን ባልዲውን ይይዝልናል። ልጅቱም ከእኛ ጋር ናት፤ የማታ ትምህርትም ጀምራለች፤ በመድኃኒቶቹ ጠርሙስ ላይ የተጻፈውንም አሁን ራስዋ ታነባለች። በቅርቡ አንድ ቀን አዲስ የተገዛ ማጽጃ ይዛ መጥታ «ጋሼ፥ ይኸ ከበረኪና ጋር አይቀላቀልም ይላል» ብላ ባሳየችን ጊዜ፥ ከዚያች ቱቦ ካገኘነው ትምህርት ሁሉ ይልቅ ይህ ደስ አሰኘን።

እንግዲህ የተከበራችሁ አንባብያን፥ በቤታችሁ አንድ ነገር እንቢ ባለ ጊዜ «ማን አደረገው?» ከማለታችሁ በፊት ባልዲ አኑሩና ሲፎኑን ፍቱ። ማስረጃው ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ ነው፤ ብዙ ጊዜም የራሳችን ጠጉር ነው።